ጎልፍ በክራር ቅኝት

ስልሳ ዓመቴን ከዘለልኩ በኋላ ጎልፍ ጀመርኩ ስላችሁ መሳቃችሁ አይቀርም። ሳቁ፤ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ። ቀስ ማለት የሙዚቀኛም የጎልፍ ተጫዋችም የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተጨበጨበላት ግን ሌላ ሴት ናት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የሰው ስም ማጥፋት አልወድም። ስለዚህ የሴትየዋን ስም ሳላጠፋ ሙሉውን እጽፈዋለሁ፤ ጥሩወርቅ ትባላለች።

የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ግድም፣ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ እኔና ጥሩወርቅ በአንድ የኪነት ቡድን ክራር እንመታ ነበር። አያያዙን ያሳየኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስትመጣ ጣቶቿ የሙዝ ዘለላ ነበሩ፤ አንዱን አንሺ ስትባል አምስቱም ተያይዘው ይነሳሉ። ቀስ ብለሽ ምቺ አልኳት። ዜማውን እንደ ዳቦ ቆርሰሽ ተለማመጂ፣ አንዱን ሳትውጪ ሌላውን አትጉረሺ አልኳት። ከመምታትሽ በፊት በሆድሽ ስሚው አልኳት። ብትሳሳቺ አትቁሚ፤ ሕዝቡ መሳሳትሽን የሚያውቀው ስትቆሚ ነው አልኳት። ሰማችኝ። የሰማችውን ከማን እንደሰማች ግን ቶሎ ረሳች።

ከዚያ ትልቁ ትርኢት መጣ፤ ከአዲስ አበባ እንግዶች የሚመጡበት፣ ሕዝቡ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያይበት። ለብቻ የሚመታው ክራር ለእኔ ተሰጠ። ቀሚሴን ለብሼ ከመድረኩ ጀርባ ተራዬን ስጠብቅ የቡድኑ መሪ መጣና እጅሽ አብጧል ሲሉ ሰማሁ፣ ለዛሬ ዕረፊ አለኝ። እጄን አየሁት። አላበጠም። ገልብጬ መዳፌን አየሁት። እሱም አላበጠም። ቀና ስል ጥሩወርቅ መድረክ ላይ ናት፤ ያውም የእኔን ክራር ይዛ። የራሷን ክራር ለምን አልያዘችም ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አይገባም።

እንግዶቹ ከዚያ መድረክ አንስተው አዲስ አበባ ወሰዷት። ባሕር ማዶ ሳይቀር ዞራ ተጫወተች። እኔ እዚሁ ቀርቼ ሠላሳ ዓመት ሙዚቃ አስተማርኩ። ሙዚቃ ማስተማር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ስድሳ ልጅ የተቀመጠበት ክፍል አንድ ዋሽንት ይዞ ገብቶ፣ ዋሽንቱን ይዞ ለመውጣት መጸለይ ነው። ጥሩወርቅም ዞራ ዞራ ተመለሰች፤ ዝናዋን፣ አንድ የወርቅ ጥርስና በአርባ ምንጭ ሙቀት የማይለበስ ሁለት ሻንጣ ካፖርት ይዛ።

ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ "እርስዎ" እንባባላለን። እንደምን ሰነበቱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ። እኩያሞች ነን፤ ለትርኢት ወረዳ ለወረዳ ስንዞር በአንድ ሳሙና ታጥበናል፣ በአንድ ፍራሽ ተኝተናል። ሰው ለማራቅ ግን ከአጥር ይልቅ "እርስዎ" ይበረታል። አጥር ቢያንስ ቀዳዳ አለው።

ወደ ጎልፉ ልምጣ። ከከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ አፋፉ ላይ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያይ አንድ ሎጅ አለ። ባለቤቱ ፈረንጅ ይመጣልኛል ብሎ ሳር ተከለና አራት ጉድጓድ ቆፈረ። ፈረንጆቹ መጡ፣ ሐይቁን ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ጉድጓዱ ቀረ። ጉድጓድ ከተቆፈረ ደግሞ የሚገባበት አይጠፋም፤ የሴቶች የጎልፍ ክበብ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ ማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ የወርቅ ጥርስ አላት።

ጎረቤቴ አስካለ የእድራችን ጸሐፊ ናት። ባልተጠራችበት አትሄድም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንድትጠራ ታደርጋለች። አንድ ቀን ሎጁ ውስጥ ሥልጠና አለ፣ ኬክም አለ ብላ ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ "ከመድረክ ወደ ሜዳ" የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ እኛ አገር ባነር ካልተሰቀለ እውቀት አይወርድም። ጥሩወርቅ ማይክሮፎን ይዛ ወጣች። ጎልፍን የተማርኩት ከሙዚቃ ነው አለች። ሙዚቀኛ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እናንተም ዱላውን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሙዚቀኛ ከመምታቱ በፊት ዜማውን በሆዱ ይሰማል፣ እናንተም ኳሱን ከመምታታችሁ በፊት ሲሄድ እዩት። ሙዚቀኛ ቢሳሳት አይቆምም። ሙዚቀኛ ልምምዱን እንደ ዳቦ ይቆርሳል።

ዳቦውን እንኳ አልቀየረችውም።

ሴቶቹ ይጽፋሉ። አስካለ ሳትቀር ኬኩ በመጣበት ወረቀት ላይ ትጽፋለች። በመጨረሻ ጥሩወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ መድረክ ነው፣ ያ በወጣትነቴ ለብቻዬ ክራር የመታሁበት መድረክ ነው አለች። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቀስ ማለትን ከማን ተማሩ?"

"ከልምድ ነው" አለችኝ።

"አቶ ልምድ ደኅና ናቸው? በሕይወት አሉ?"

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ያኔ ሄኖክ የሚባለው አሰልጣኝ ተነሳ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነጭ ኮፍያ የማያወልቅ ሰው ነው። ከወር በኋላ ውድድር እንዳለ፣ ጀማሪም መመዝገብ እንደሚችል፣ አራቱን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰች እንደምታሸንፍ ተናገረ። አሸናፊዋ በሕዝብ ፊት በማይክሮፎን ንግግር ታደርጋለች አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጎደለኝ አንድ ማይክሮፎን ነበር። አሸንፌ እይዘዋለሁ፤ ያ መድረክ የማን እንደነበረ፣ እጄም አብጦ እንዳልነበረ፣ እሷው ፊት እናገራለሁ። ተመዘገብኩ። ሄኖክ ስሜን ሲጽፍ "እማማ፣ ጉልበትዎ ይችላል?" አለኝ። ከእኔ ሦስት ወር የምታንሰዋን ጥሩወርቅን "ጥሩዬ" ነው የሚላት።

ልምምድ ተጀመረ። ታች ሲቀላ ሰፈር ያለው ጓሮዬ ጠባብ ነው፤ አንድ ዘይቱን፣ አንድ ማንጎና አንድ የልብስ ገመድ አለው። ሄኖክ ያዋሰኝን ዱላ ይዤ ወጣሁ። ሌላው ሰው ጎልፍ ይማራል፤ እኔ የራሴን ትምህርት ከሌባ ላስመልስ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ባለቤትነቴን ለማሳየት ሁሉንም አበዛሁት። ቀስ አልኩ። በጣም ቀስ ከማለቴ የተነሳ ዱላውን አንስቼ እስክመልስ አስካለ ሽሮዋን አማስላ ታወጣለች። ልምምዱን ቆረስኩት። ሰኞ ማንሳት ብቻ። ማክሰኞ ከትከሻ በላይ ማቆየት ብቻ። ረቡዕ ማክሰኞን መድገም። ዱላዬን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እንደቆምኩ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው በሩን ከፍቶ ገባ። እኔ ቁራሼን ሳልውጥ አልናገርም። እሱ አየኝ፤ ዱላውን አየ፤ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ያን ወር ቆጣሪዬ በግምት ተሞላ።

ኳስ ስላልነበረኝ በጥሬ ዘይቱን ተለማመድኩ። አንድ ቀን ዱላውና ዘይቱኑ በምቱ ተገናኙ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ የተሰማኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ዘይቱኑ አጥሩን ዘሎ የአስካለን ቆርቆሮ መታ። በማግስቱም መታ። በሳምንቱ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ መንኳኳት ያዘ፤ ሰውም ዝንጀሮ ከጫካው ወርዶ ፍሬ እየወረወረ ነው አለ። ቀበሌው ስለ ዝንጀሮ ስብሰባ ጠራ። ሄጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ እንዲባረሩ ጠየቀ፤ ሌላው ወጥመድ ይተከል አለ። እኔ እጄን አውጥቼ ዝንጀሮ እግዜር የፈጠረው እንስሳ ነው፣ ታገሱት፣ ቢበዛ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ መሆኑን በምን አወቅሽ ያለኝ የለም። ስብሰባችን እንዲህ ነው፤ አስተያየት ይመዘገባል እንጂ አይሰማም።

የቀረኝ ትልቁ ትምህርት ነበር፤ ሙዚቀኛ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በሰው ፊት ይለማመዳል። እሑድ እድራችን እኔ ቤት ሲሰበሰብ ጉዳያችንን ጨርሰን ሴቶቹን ጓሮ አስቀመጥኳቸውና ዱላዬን አነሳሁ። አንዷ ዘይቱኑ ምን አጠፋ አለች። ሌላዋ ወገቧን ተመልከቱ፣ ባሏ ሳይሞት ብትጀምረው ኖሮ አለች። አስካለ ዝም በሉ ብላ ተቆጣቻቸውና፣ ዱላዬ ልክ መውረድ ሲጀምር እልል አለች። ዘይቱኑ እንደ ወፍ በረረ። ደግሜ መታሁ፤ ደግማ እልል አለች፤ ደግሞ በረረ። በሳምንቱ ሁሉም እልል ይላሉ፣ ሁሉም ይበርራል። ችግሩን የተረዳሁት ሰኞ ለብቻዬ ስቆም ነው። እልልታ ከሌለ ክንዴ አይወርድም። ዱላውን አንስቼ እጠብቃለሁ፤ እጠብቃለሁ፤ ማንም እልል አይልም። ከሙዚቀኛ ደግና ክፉውን አንድ ላይ ተምሬ ኖሯል፤ ያለ ጭብጨባ የማይሠራ ሰው ሆንኩ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። በዋዜማው ዘንቦ ሳሩ ረጥቧል። ከከተማው የመጣ አንድ ኃላፊ ጎልፍ ለሥራ አጥነት ያለውን ጠቀሜታ ሲያስረዳ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ፀሐይ ላይ ቆመው አዳመጡት። ከጨንቻ የመጡ የጋሞ ሽማግሌዎች ውድድሩን መረቁ። ከእነሱ ትልቁ ጋሽ ሳዶ ናቸው፤ ያስታረቁት ሰው ተሰልፎ ቢቆም ከዚህ እስከ ላንቴ መንደር ይደርሳል ይባላል። መርቀው ጨርሰው ጥላ ሥር ተቀመጡና፣ ትልልቅ ሴቶች ትንሽ ኳስ ሲያሳድዱ በትዕግሥት ማየት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ጉድጓድ ዱላዬን አንስቼ ቆምኩ። ጸጥታ ነው። ሄኖክ የጎልፍ ሕግ ጸጥታ ነው ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቆምኩ። ሰው መተያየት ጀመረ። ተስፋ ቆርጬ ስመታው ኳሱ አንድ ስንዝር ሄደ። ያኔ አስካለ ገባት። በሁለተኛው ምት እልል አለች፤ ኳሴ በረረ። ጥሩወርቅ እየተቆጣች፣ እርስዎ ዘመድ ይዘው መጥተው ሕግ ያስጥሳሉ እንዴ አለችኝ። እርስዎ ከመድረክ ወደ ሜዳ ብለው የለም ወይ፣ መድረክ ያለ እልልታ የት አይተዋል አልኳት። ሄኖክ የሕግ መጽሐፉን አወጣ። ኃላፊው ግን እልልታ ባህላችን ነው፣ ይበረታታ አለ። ተበረታታ። አስካለም አድልዎ እንዳይባል በሁለተኛው ጉድጓድ ለጥሩወርቅም እልል አለችላት፤ ጥሩወርቅ ደንግጣ ኳሷን ወደ ገደሉ ሰደደችው።

በሦስተኛው ጉድጓድ እውነተኛ ዝንጀሮ መጣ። ኳሴን እንቁላል መስሎት አንስቶ ሮጠ፣ ነከሰው፣ አልጣመውም፣ በንዴት ወረወረው። የወደቀው ከባንዲራው አጠገብ ነው። ሄኖክ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠ፤ የጻፉት ሰዎች ዝንጀሮ አያውቁም። ኃላፊው እንስሳው የአካባቢው ነው አለ፣ ጸደቀ። ሰው ዕድል ነው አለ፤ እኔ ግን ለቀበሌው ስብሰባ የተመለሰ ውለታ ነው ብዬ ወደ ኳሴ ሄድኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራተኛው ጉድጓድ ላይ እኔና ጥሩወርቅ እኩል ደረስን። ሌሎቹ ስምንት ሴቶች ተሸንፈው ለስላሳ ይጠጣሉ። ጥሩወርቅ የመጨረሻውን ጉድጓድ በሰባት ምት ጨርሳ ባንዲራው አጠገብ ቆማለች። እኔ አምስት መትቻለሁ። ስድስተኛው ከገባ ማይክሮፎኑ የእኔ ነው። ከኳሴ ወዲያ ማዶ ጥሩወርቅ፣ ከጥሩወርቅ ወዲያ ማዶ ማይክሮፎኑ፤ ፀሐይ አርፎበት ያብለጨልጫል።

ቀስ አልኩ። ተነፈስኩ። ዜማውን በሆዴ ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ ዜማ ያ ዜማ ነው፤ የዚያን ቀን ልመታው የነበረው። መጣ፣ ግን ጎዶሎ ሆኖ መጣ። ሁለት አውታር የለውም። ለምን እንደሌለው አውቃለሁ። አስካለ እልል አለች፤ ክንዴ ወረደ፤ መሬቱን መታሁት።

ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሳር የለበሰ ትልቅ የጭቃ ጓል ግን ተነሳና በሰው ሁሉ ፊት በርሮ ጥሩወርቅ እግር ሥር ወደቀ።

ብትሳሳቺ አትቁሚ። አልቆምኩም። ሄኖክ ሁልጊዜ የሚለው ሌላ ሕግም አለ፤ ሳር የነቀለ ሳሩን ወስዶ ይተክላል። አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ጉልበቴ ሲያጎነብሱ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ አንዱን አስቀድሜ ሌላውን አስከትዬ ተንበረከክሁ። ጓሉ እንዳይፈርስ ሳሩን በሁለት እጄ ደግፌ አነሳሁት። ያ እርጥብ ሳር በሁለት እጄ፣ እኔ በሁለት ጉልበቴ፣ ከፊቴ የጥሩወርቅ ነጭ ጫማ።

እልልታው ጸጥ አለ። ቀና ስል ጥላ ሥር የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ቆመዋል።

ለማያውቅ ልንገር። በጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሰው እርቅ እየለመነ ነው። ያን ሳር አልፎ የሚሄድ የለም። ዱላ ያነሳ ይጥላል፤ የተቀየመ ይቅር ይላል። ሳሩን ማቃለል ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ደግሞ ያጠፋው ሰው ብቻ ሳይሆን ልጁም ከብቱም ማሳውም የሚከፍለው ነውር ነው። እናቴ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ይህን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ግን በዚያች ደቂቃ እኔ የማስበው ስለ ሄኖክ መጽሐፍ ነበር። አንድ ሰው የሁለት አገር ሕግ በአንድ ጉልበት ሲያከብር እንዲህ ይሆናል።

ሕዝቡ መካከል አንዱ፣ ወይ ሴትዮዋ፣ ስንት ዘመን የያዘችውን ነው የምታወርደው ሲል ሰማሁ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ጥሩወርቅ ወደ ታች አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ማይክሮፎኑን የያዘው ልጅ አጠገቧ ነበር፤ ተቀብላው "ይቅር ብያታለሁ" አለች፤ ድምፅዋ እስከ ሐይቁ ተሰማ።

ይቅር ብያታለሁ። እኔን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይቅርታ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ይቅር ተባልኩ። ሳር ልተክል ነው ብዬ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሳዶን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው አየኋቸው። ሳሩ ለጨዋታ ነው ልበላቸው? አፌን ዘጋሁት። ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋሁትም።

"ምኑን ነው ይቅር ያሉኝ?" አልኩ።

ጋሽ ሳዶ ወደ እኛ መጡ። ጥያቄው ልክ ነው አሉ። ይቅር የሚል የሚተወውን ነገር ይናገራል፤ ይቅር የሚባልም ያጠፋውን ይናገራል። ያልተናገሩት ነገር ሳሩ ሥር ይበሰብሳል አሉ። ሁለታችንንም ሳሩ ላይ አስቀመጡን። ኃላፊው ይህ በፕሮግራሙ የለም ሊል ተነሳና፣ ሽማግሌዎቹን አይቶ ተቀመጠ።

ጥሩወርቅ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ፣ "ያን ቀን እጇ አብጧል ብዬ ለመሪው የነገርኩት እኔ ነኝ" አለች። "አላበጠም ነበር። መድረኩ የእሷ ነበር። ክራርም ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

አስካለ እልል ልትል ጀምራ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሆዴ ሰምቼዋለሁ፤ በልብስ አጠባ ሰምቼዋለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ሲመጣ ግን እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም፤ ምክንያቱም ጥሩወርቅ "ያን ያልኩትም" ብላ ቀጠለችና፣ አየችኝ፣ አቆመች። የቀረውን አልተናገረችም። ለእኔ ተወችው።

ታውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር።

ጋሽ ሳዶ ማይክሮፎኑን ከእሷ ተቀብለው እጄ ላይ አኖሩት። የስንት ዓመት ምኞቴ፣ ሕዝብ ፊት፣ እጄ ላይ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ "አንቺ ተናገር" አሉኝ። የሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ንግግር ሳላርም አላልፍም። ያን ቀን ግን አላረምኳቸውም።

ምንም የለኝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም። ሳሩ ግን በግራ እጄ ነው፤ ጭቃው በጣቶቼ መካከል እየቀዘቀዘ ይወርዳል።

"የክራሯን አውታር የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሁለቱን። ከመድረኩ ጀርባ፣ በምላጭ።"

ለምን አሉኝ ጋሽ ሳዶ። የዚያን ዕለት ጠዋት የቡድኑ መሪ ጥሩወርቅ ስትለማመድ ሰምቷት ቆሞ ቀረ። እኔም ሰማኋት። ጣቶቿ የሙዝ ዘለላ መሆናቸውን ትተው ነበር። ይህን በማይክሮፎን አልተናገርኩም፤ ቀንቼ ነው ብቻ አልኩ፤ በማይክሮፎን የሚነገር ልክ አለው። አውታሩ የተቆረጠ ክራሯን ይዛ መሪው ዘንድ ብትሄድ ኖሮ በዚያው ቀን ከቡድኑ እባረር ነበር። እሷ ግን እጄ አብጧል አለች እንጂ እጄ ምን እንደሠራ አልተናገረችም። ይህንንም ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ማሰቤን ለማንም አልነገርኩም፤ እናንተም እንዳልሰማችሁ ሁኑ።

ሽማግሌዎቹ መረቁን። ሳሩን ከነቀልኩበት ወስጄ እንድተክለው ታዘዝኩ፤ በዚህ ላይ ጋሽ ሳዶና የሄኖክ መጽሐፍ ተስማሙ። ተከልኩት። ሁሉም ሰው አልቅሶ ሲያበቃ ሄኖክ ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ ይቅርታ፣ መሬቱን የመቱትም ምት ይቆጠራል" አለኝ። ስድስተኛዬ ሳር ሆነ። ሰባተኛው ጉድጓዱን ታክኮ አለፈ። በስምንተኛው ከተትኩት። በአንድ ምት ተሸነፍኩ።

ጥሩወርቅ የአሸናፊነት ንግግር እንድታደርግ ማይክሮፎኑ ተሰጣት። ንግግር አዘጋጅታ እንደነበር ከቦርሳዋ ያወጣችው ወረቀት ይመሰክራል፤ አራት ገጽ ነው። አየችው፣ አጠፈችው፣ ንግግሬን ጨርሻለሁ ብላ ወረደች። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና፣ "አንቺ፣ ያን ጉልበትሽን ግን ታከሚው" አለችኝ።

አንቺ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ።

"እርስዎም ጣትዎን አይርሱ" አልኳት። እርቅ አውርጃለሁ፤ ግን በአንድ ቀን ሁሉንም ነገር አልሰጥም።

ጎልፍ ተውኩ። ዱላውን ለሄኖክ መለስኩ፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ዐረፈ፤ ቀበሌው ዝንጀሮን በመከላከል ረገድ ውጤት መገኘቱን ሪፖርት አደረገ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ባጃጅ ይዤ ሴቻ እወጣለሁ። ሐይቁን ለማየት ነው። በመንገዴ ያ ሳር በቅሎ እንደሆነ አያለሁ፤ ላየው ነው እንጂ ላጠጣው አይደለም። የምይዘው ጠርሙስ ውሃ ለራሴ ጥም ነው፤ አንዳንዴ እጄ ይንቀጠቀጥና ይፈስሳል።

ዝናቡ ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ያቺ ሳር ብቻዋን አረንጓዴ ናት፤ ዙሪያዋ ረጥቧል፤ ከጎኗ ያን ነጭ ጫማ የሚያህል የሴት ዳና አለ። ማን መጥቶ እንደነበር ማንንም አልጠየቅሁም። ዘንቦ ይሆናል አልኩና፣ የጠርሙሴን ውሃ ለራሴ ጠጣሁት።